ላምበረት ላይ ማን ይቀበልዎታል?

ከሰቆጣ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ለማየት ብሎ አይደለም የሚሄደው። ሪፈር ተጽፎለት ነው፤ ወይም ፓስፖርት ሊያወጣ፣ ዕቃ ሊያመጣ፣ ወደ ውጭ አገር የምትሄድ ልጁን ሊሸኝ። ስለዚህ ዝግጅቱ ከሙዚየምና ከመናፈሻ አይጀምርም። የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄ ነው፦ የት ይወርዳሉ? በወረዱበት ቦታስ ማን ይጠብቅዎታል? እነዚህ ሁለቱ መልስ ካገኙ ሌላው እየተጠየቀ ይደረስበታል። «ስደርስ እደውላለሁ» ብሎ የተሳፈረና የስልኩ ባትሪ መንገድ ላይ ያለቀበት ሰው ግን መናኸሪያ በር ላይ ዕቃውን ታቅፎ ሲመሽበት ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱ። ሰቆጣና አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። በአውቶቡስ በአንድ ቀን የሚያልቅ ስላልሆነ ወልድያ ወይም ደሴ ማደር የተለመደ ነው። የዚያች ሌሊት የአልጋና የራት ገንዘብ ለብቻው ይያዝ፤ ሰው ሒሳብ ሲያሰላ የሚረሳት እሷን ነው። ከወልድያ ወዲያ መርሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ እያለ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ መስኮት ክፈት፣ ዝጋ የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ነው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በርን ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ያለው እዚያው ነው። ጋቢውን ከዕቃው ጋር ጣሪያ ላይ ያስጫነ ሰው ዋሻው በር ላይ ይቆጨዋል። አዲስ አበባም ቢሆን ከሰቆጣ ጥቂት ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናቧ ሰቆጣ ያለችበትን የዋግን ዝናብ ለለመደ ሰው ጉድ ያሰኛል።

ለዘመድ ማር ሳይዝ የሚሄድ የዋግ ሰው ጥቂት ነው። ማሩ ሸዋ ሮቢት ላይ ይሞቃል፣ ይላላል፣ በክዳኑ ያንጠባጥባል። ጄሪካኑ እስከ አፉ አይሞላ፤ ከአንገቱ በላይ ባዶ ይተው፤ ክዳኑ ሥር ፌስታል ይደረግና ይጥበቅ፤ ከሰው ልብስ ጋር እንዳይጫን ከእግር ሥር ይቀመጥ።

ቀኑንም መምረጥ ያስፈልጋል። የሻደይ በዓል ነሐሴ 16 ይገባል፤ ለበዓሉ ወደ ሰቆጣ የመጣው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ በዓሉ እንዳለቀ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመላሽ ነውና ወንበር ማግኘት ጭንቅ ይሆናል። ወዲያው ደግሞ እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ቢሮ ይዘጋል፣ ሐኪም እረፍት ይወጣል። የማይቸኩል ጉዳይ ያለው ሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ቢነሣ ይሻለዋል። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ሲሆን ኖሯል። ስለዚህ የመንገዱን ወሬ በዋዜማው ከሹፌሮች መስማት ተገቢ ነው፤ ከሌላው ሰው ይልቅ እነሱ ያውቁታል። መታወቂያ ኬላ ላይ ይጠየቃል፤ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከደረት ኪስ ይሁን። ተጓዡ በሽተኛ ሆኖ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የማይችል ከሆነ ደግሞ ላሊበላ ድረስ ሄዶ በአውሮፕላን መሳፈርን ማሰብ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን የሁለት ቀን መንገድ፣ አልጋና ምግብ ለታማሚና ለአስታማሚ ተደምሮ ሲታይ ልዩነቱ የፈሩትን ያህል ላይሆን ይችላል።

የቀድሞ ሰዎች «መርካቶ አውቶቡስ ተራ ትወርዳለህ» ብለው ይመክራሉ። ያ የእነሱ ዘመን ምክር ነው። አሁን በደሴ በኩል የሚመጣው መኪና በለገዳዲ፣ በለገጣፎ፣ በካራና በኮተቤ አድርጎ ሲገባ መናኸሪያው ላምበረት ነው፤ አንዳንድ የግል አውቶቡሶች ደግሞ ወደ መስቀል አደባባይ ይዘልቃሉ። ቲኬት ሲቆረጥ «መጨረሻህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ለሚቀበለው ሰው ያኔውኑ መደወል ነው። ሲቃጠሩም «መናኸሪያው ጋ» አይበቃም። መውጫው በር፣ ወይም ከበሩ ፊት ለፊት ያለ አንድ ባንክ በስሙ ይጠራ። የተቀባዩ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ኪስ ይግባ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት ግን ባትሪ አይፈልግም። መኪናው ገና ሳይቆም ሻንጣ የሚያነሡ ወጣቶች ይከባሉ። ክፉዎች ናቸው ለማለት አይደለም፤ እንጀራቸው ነው፤ ዋጋ ሳይነጋገሩ ግን አንድም ዕቃ አይነካ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አድራሻ ነው፤ ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በሰፈር ተሠራች፤ ዛሬም ሰዉ የሚያውቃት በሰፈር ስም እንጂ በመንገድ ቁጥር አይደለም። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ስም ናቸው፤ ከቆሙበት ቦታ ያለውን ርቀት አይናገሩም። ሃያ ሁለትም ቁጥር ሳይሆን ሰፈር ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው፣ መርካቶ ደግሞ ጣሊያንኛ። ተመሳሳይ ስሞች ደግሞ ሰውን ያሳስታሉ። አቡነ ጴጥሮስ ሐውልቱ ያለበት አደባባይ ነው፤ ጴጥሮስ ሆስፒታል ግን ሌላ ቦታ፣ ወደ እንጦጦ በኩል ነው፤ ጳውሎስ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል። «ሚካኤል ጋ ና» ያለ ዘመድ የትኛውን ሚካኤል እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም። ዘመዱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ከሆነ ደግሞ የሰፈሩ ስም ብቻ ዋጋ የለውም፤ ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት አለው፤ አያትም፣ ኮየ ፈጬም፣ የካ አባዶም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ከተማ ያህላሉ። ሳይቱ፣ የብሎኩ ቁጥርና የቤቱ ቁጥር ሦስቱም ይጻፉ።

በዚያ ላይ ምልክት የነበረው ቦታ ራሱ ጠፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ደጃች ውቤ ሰፈርና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ሄዶ የመጣ ጎረቤት «ከእነ እገሌ ሻይ ቤት ዞር ብለህ» እያለ የሚሰጠው ምሪት ዛሬ ሰፊ አስፋልትና የአበባ መደብ ላይ ያደርሳል። ካዛንቺስ የነበረው አጎትም ምናልባት ገላን ጉራ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሯል። ከመነሣት በፊት ዘመዱን ደውሎ «አሁን የት ነህ?» ማለት ነውር የለውም።

በከተማው ውስጥ ለመንቀሳቀስ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያለው ሚኒባስ ታክሲ ዋናው ነው። በመስመር ይሠራል፤ ረዳቱ የሚሄድበትን ሰፈር ይጣራል፤ መውረድ የፈለገ «ወራጅ አለ!» ይላል። በለሰለሰ ድምፅ የተባለ እንደሆነ መኪናው ያልፋል። ከመጮህ ይልቅ ለረዳቱ «እዚህ ቦታ ስንደርስ አውርደኝ» ብሎ ከጎኑ መቀመጥም ይቻላል፤ ብዙዎቹ አይረሱም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ባቡር ሁለት መስመር አለው፦ አንዱ ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ርካሽ ነው፣ መንገድ አያሳስትም፤ ግን ሲጨናነቅ ለኪስ አውላቂ ይመቻል። ዕቃ የበዛበት ወይም በሽተኛ የያዘ ሰው በ8294 ደውሎ ራይድ የተባለውን ታክሲ ቢጠራ ስማርት ስልክ እንኳ አያስፈልገውም። መንገድ ሲያቋርጡ ዜብራው ላይ ይሁን፤ ቆሻሻ መጣልም ያስቀጣል፤ በአዲሶቹ መንገዶች ላይ ደንብ አስከባሪው ብዙ ነው።

ለሕክምና ለሚሄድ ሰው ሌላም ነገር አለ። ሰቆጣ ተፈራ ሃይሉ ሆስፒታል ታይቶ ወደ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ በሽተኛ ወረቀቱን በዚሁ ተዋረድ ይዞ ካልመጣ የጤና መድኑ ላይሠራለት ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ መድኑ እስከ የት ድረስ እንደሚከፍል ይጠየቃል። ያለፈው ምርመራ ሁሉ ይያዝ፦ የላብራቶሪው ወረቀት፣ የራጁ ፊልም፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነማሸጊያው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበረ ከየክፍለ ሀገሩ ሰው የሚጎርፍበት ነው፤ ካርድ ለማውጣት ገና ጎሕ ሲቀድ ሰልፍ ይያዛል፤ ሐኪሙ አይቶ የሚሰጠው ቀጠሮም ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ የአገር ልጅ ቀድሞ ሄዶ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን እንደሚያይ ቢጠይቅ አንድ ሙሉ ጉዞ ይተርፋል። አስታማሚ ሳይዙ መሄድ አይመከርም፤ መድኃኒት የሚገዛው፣ ደም ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው፣ ሰልፍ የሚጠብቀው አስታማሚው ነው። ስለዚህ ወጪው የሁለት ሰው ነው፤ አልጋውም ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ቢሆን ሩቅ ካለ ዘመድ ቤት ነፃ ማደር ይበልጣል እላለሁ፤ ዘመድ ቢቀየምም።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ። *127# ደውሎ የሚሠራ ስለሆነ ተራ ስልክ ይበቃዋል። ገንዘቡን ሰቆጣ ላይ አስገብቶ አዲስ አበባ ላይ ከወኪል ጥቂት ጥቂት ማውጣት፣ ሁሉንም በመቀነት ቋጥሮ ሁለት ቀን ከመጓዝ ይሻላል። ሚስጥር ቁጥሩን ግን «ላግዝዎት» ለሚል ትሑት ወጣት አይንገሩ፤ ወኪሉም ቢሆን አያስፈልገውም። መንገድ ላይ «ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል» የሚሉ ሁለት ሰዎች ቢገጥሙ ወርቁ ወርቅ አይደለም፤ ሁለቱም ይተዋወቃሉ። ችግር ቢደርስ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አዲስ አበቤው «ከሰቆጣ ነኝ» ሲባል ቦታውን ላያውቅ ይችላል። ቢሮ የሚሠራ ከሆነ ምናልባት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚለውን ሰምቷል፤ በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት የገባው ቃል ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። ግማሽ ቀን የተረፈው መንገደኛ ፒያሳ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቢያይ አይከፋም፤ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ ዘምተዋልና የራሱም ታሪክ ነው። አራዳ ጊዮርጊስም አጠገቡ ነው፤ ለመሳለም የሚፈልግ ሌላ መኪና አያስፈልገውም። መርካቶ ግን ለብቻ የሚኬድበት አይደለም፤ ሸማ ተራው፣ በርበሬ ተራው፣ ምናለሽ ተራው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው፤ ለገበያ የሄደ የሚያውቅ ሰው ያስከትል።

የመመለሻውን ቲኬት ከዋዜማው ላምበረት ሄዶ መቁረጥ ነው። ጎሕ ሳይቀድ «ደሴ! ደሴ! ወልድያ!» የሚሉት ጥሪዎች ይደባለቃሉ፤ «ሰቆጣ» የሚል ድምፅ ላይሰማ ይችላል። ያኔ የወልድያውን ይዘው ይሂዱ፤ ከወልድያ ወዲያ ያለውን መኪና በስልክ የሚጠይቅ አንድ ሰው ግን አሁንም ሰቆጣ ላይ ይኑርዎት።