ሲሊከን በጊዛ ውስጥ

ወረታ ውስጥ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ የሚከመረው ቅርፊት ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ሲሊከንና ኦክስጅን ማለት ነው። የመፈልፈያውን ብረት እየፋቀ የሚጨርሰውም ይኸው ሲሊካ ነው። ያው ሲሊከን ብረቱ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ጠባይ ያወጣል።

ጋራዥ «ጊዛ» የሚለው ብረት ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን አለው። ሲሊከኑ ካነሰ፣ ብረቱም ቶሎ ከቀዘቀዘ፣ ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተጣምሮ ሲሚንታይት ይሆናል፤ ጠንካራ ግን ተሰባሪ፣ ስብራቱም ነጭ። ሲሊከን ሲበቃው ካርቦኑ ግራፋይት ሆኖ ለብቻው ይወጣል። ከርብ ወይም ከጉማራ ወንዝ ውሃ የሚስብ ፓምፕ እግሩ ተሰብሮ ስብራቱን በጣት ቢያሹት እንደ እርሳስ የሚያጠቁረው ይኸው ነው። ሳይሞቅ የተበየደ ጊዛ ከብየዳው ጎን የሚሰነጠቀውም እዚያ ላይ ቶሎ ቀዝቅዞ ነጭ ስለሚሆን ነው።

በተራ ጊዛ ግራፋይቱ እንደ ቅጠል ስስ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ኪት ሚሊስ በ1943 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ኒኬል በተባለው ኩባንያ ውስጥ ማግኒዥየም ሲጨምርበት ግራፋይቱ ተድቦለቦለ። ዳክታይል ብረት የሚባለው ይህ ነው፤ የውሃ መስመር ሠራተኞች «ዲሲአይ» የሚሉት ቧንቧም ከእሱ ይሠራል። ማግኒዥየም ግን ሲሚንታይትንም ይጋብዛል። ስለዚህ ሊፈስ ሲል ፌሮሲሊከን ይጨመራል፤ ኃይሉ በደቂቃዎች ስለሚደክም አፍሳሾቹ ይጣደፋሉ።

የተለመደው የሲሊከን መጠን ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ሲሊከን ፌራይት የተባለውን ለስላሳ መዋቅር ያበዛል፤ እዚያው ውስጥ ሟሙቶም ያጠነክረዋል። ኢኤን 1563 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ 4.3 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለው ዓይነት ያውቃል፤ ጥንካሬው 600 ሜጋፓስካል፣ ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው 10 በመቶ። ፐርላይት በተባለ ሌላ መዋቅር የጠነከረው የቀድሞው ባለ 600 የሚለጠጠው 3 በመቶ ብቻ ነበር። ሲሊከን የበዛበት ዓይነት ጥንካሬው ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ ቶርኖ ላይም ይመቻል።

ሲሊከኑ ከ4.3 በመቶ በላይ ሲጨመር ግን ጥንካሬው ድንገት ይወርዳል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሲሊከን በጨመረ ቁጥር ብረቱ ድንገተኛ ምት አይችልም። ከጋሪ ላይ ለሚወድቅ ፓምፕ እኔ ብሆን ከ2.5 በመቶ ብዙ አልርቅም። የመኪና ጭስ ማውጫ ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ ይፈልጋል፤ ሙቀትና ዝገት ይችልበታልና።

የድሮው መፈልፈያ ሲሊንደር ደግሞ ተቃራኒውን ይሻል። ሲሊከኑ ዝቅ ተደርጎ፣ ፊቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ነጭ ጊዛ ይሆናል፤ የሩዙን ሲሊካ የሚቋቋመው ያ ሲሚንታይት ነው።