የህዋሳት መያያዝና የዶክተር ኧርነስት ጀስት ምርምር

የማንኛውም እንስሳ አካል ከአንድ የጸነሰ እንቁላል ተነስቶ የሚገነባው ህዋሳት በመባዛታቸው ብቻ አይደለም። የተባዙት ህዋሳት እርስ በርስ ተያይዘው መቆየት፣ ጊዜው ሲደርስም ከፊሎቹ ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ወደ ሌላ የአካል ክፍል መጓዝ ይኖርባቸዋል። ይህ መያያዝና መላቀቅ ሥርዓቱን ጠብቆ ሲከናወን ሽሉ ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል። ሥርዓቱ ሲዛባ ግን እንደ ካንሰር ላሉ በሽታዎች መዛመት ምክንያት ይሆናል።

የዚህን ሂደት ምስጢር በህዋስ የውጭ ገጽ ላይ ከፈለጉት ቀደምት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ዶክተር ኧርነስት ኤቨረት ጀስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1883 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ የተወለዱት ዶክተር ጀስት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመርቀው በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1916 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተቀብለዋል። ከ1909 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በሚዘጋባቸው ወራት ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት እየተጓዙ፣ ዉድስ ሆል በተባለው የባሕር ዳርቻ በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ምርምራቸውን ሲያካሂዱ ቆይተዋል።

በዚያ ካጠኗቸው እንስሳት መካከል የባሕር ጃርትና የቅርብ ዘመዶቹ ይገኙበታል። የባሕር ጃርት ሰውነቱ በእሾህ የተሸፈነና በባሕር ወለል ላይ የሚኖር አነስተኛ እንስሳ ሲሆን፣ በዘር ሐረግ ከነፍሳት ይልቅ አከርካሪ ላላቸው እንስሳት ይቀርባል። እንስቷ እጅግ ብዙ እንቁላሎችን ወደ ባሕር ውሃ የምትለቅ በመሆኗ ፅንሰቱና የሽሉ እድገት ከአካሏ ውጭ ይካሄዳል። በብዙ ዝርያዎች እንቁላሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ተመራማሪው የህዋሳቱን መከፋፈል ከመጀመሪያው አንስቶ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይችላል።

ዶክተር ጀስት የባሕር ጃርት ዘመድ በሆነው ሳንድ ዶላር በተባለው ጠፍጣፋ እንስሳ እንቁላል ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተሙት ጥናት፣ የወንዱ ዘር እንቁላሉን በነካበት ቅጽበት የሚከሰተውን ለውጥ በዝርዝር ገልጸዋል። በጥናቱ መሠረት ለውጡ ዘሩ ከገባበት ነጥብ ተነስቶ የእንቁላሉን ገጽ እንደ ማዕበል ያዳርሳል። ሌላ ዘር እንዳይገባ የሚከለከለውም በዓይን የሚታየው ሽፋን ከእንቁላሉ ላይ ከመነሳቱ በፊት ነው። ይህም የህዋስ ገጽ የይዘቱ መጠቅለያ ብቻ ሳይሆን ከውጭ ለሚደርሰው ነገር ፈጥኖ ምላሽ የሚሰጥ ሕያው ክፍል መሆኑን ያመለከተ ግኝት ነበር።

የህዋሳትን መያያዝ በተመለከተ ጀርመናዊው ኩርት ኸርብስት እ.ኤ.አ. በ1900 የባሕር ጃርት ሽል ካልሲየም በሌለው የባሕር ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ህዋሳቱ እንደሚለያዩ አሳይተው ነበር። ዶክተር ጀስት በበኩላቸው የሽል ህዋሳት መጣበቅ በገጻቸው ባሕርይ እንደሚወሰንና ከአንዱ የእድገት ደረጃ ወደ ሌላው እንደሚለያይ አስረድተዋል። በዘመኑ የአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ትኩረት በህዋሱ ማዕከልና በዘረ-መል ላይ ስለነበር ይህ አመለካከት የሚገባውን ያህል ተደማጭነት አላገኘም። ሃሳባቸውን አጠቃለው የያዘው የህዋስ ገጽን ሥነ ሕይወት የሚመለከተው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1939 ታትሟል።

ከእርሳቸው ህልፈት በኋላ ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባካሄዱት ምርምር፣ በካልሲየም እየታገዙ ህዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዙ ፕሮቲኖች ተገኝተው ካድሄሪን የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል። የባሕር ጃርት ሽል ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንደሚያሳዩት፣ አጽሙን የሚሠሩት ህዋሳት ወደ ሽሉ ውስጥ ከመግባታቸው ጋር ተያይዞ ካድሄሪን ከገጻቸው በፍጥነት ይጠፋል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸው ትስስር ይላላና በሽሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይጓዛሉ።

ተመሳሳይ ሂደት በካንሰር ሕመም ላይም ይታያል። በበርካታ የካንሰር ዓይነቶች ህዋሳቱ ካድሄሪንን ሲያጡ ከእባጩ ተላቀው በደም ወይም በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች አማካይነት ወደ ሌላ የአካል ክፍል ይዛመታሉ። በሽል እድገት ወቅት በጊዜና በቦታ ተወስኖ የሚፈጸመው መላቀቅ በካንሰር ጊዜ ቁጥጥር የሌለው ይሆናል። በአንድ የባሕር እንስሳ እንቁላል ላይ የሚደረገው ጥናት ለሰው ልጅ ጤና የሚኖረው ፋይዳም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ዶክተር ጀስት በሥራቸው ጥንቃቄ የታወቁ ነበሩ። የብርጭቆ ዕቃው ንጽሕና፣ የውሃው ሙቀትና የእንቁላሉ ጤንነት ሳይረጋገጥ የተገኘ ውጤት እምነት ሊጣልበት እንደማይገባ ያስተምሩ ነበር። የባሕር እንስሳትን እንቁላል ለመመርመር የሚያስፈልጉ መሠረታዊ ዘዴዎችን የያዘ ሌላ መጽሐፍም በዚያው በ1939 አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት በታላላቆቹ የአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ በር ተዘግቶባቸው ነበር። በዚህም የተነሳ ከ1929 ጀምሮ በጣሊያን ኔፕልስ፣ በጀርመን በርሊንና በፈረንሳይ እየተዘዋወሩ ምርምራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር ለአጭር ጊዜ ታስረው ከተለቀቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት ወር 1941 በጣፊያ ሳይሆን ከጨጓራ ጀርባ በሚገኘው ፓንክሪያስ በተባለው የአካል ክፍል ካንሰር በ58 ዓመታቸው አርፈዋል።

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 በምስላቸው የፖስታ ቴምብር አውጥቶላቸዋል። የህዋስ ገጽም ዛሬ ከሥነ ሕይወትና ከሕክምና ምርምር ዋና ዋና መስኮች አንዱ ሆኗል። የዶክተር ጀስት ታሪክ እንደሚያስገነዝበው የመሠረታዊ ምርምር ጥቅም የሚታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ለምርምር የሚሰጠው ገንዘብና የሥራ ቦታ ፈጣን ውጤትን ብቻ ወይም የተመራማሪውን ማንነት መለኪያ ሲያደርግ፣ የሚጎዳው ግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ከእውቀቱ ተጠቃሚ ሊሆን የሚችለው ኅብረተሰብ ጭምር ነው።