ከቢዝነስ ዲግሪ በኋላ ሦስተኛ ዲግሪ፦ ለማን፣ ለምንና መቼ?

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዞኑ ውጭ ያሉ በርካታ አርሶ አደሮችና የግብርና ባለሙያዎች ግን ስሟን ይበልጥ የሚያውቁት በስንዴ ዝርያነቱ ነው። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 የለቀቀው የዳቦ ስንዴ ዝርያ በዚህችው ከተማ ስም ኦጎልቾ ተብሎ ይጠራል። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2005 የተለቀቀው ዲጋሉ በአርሶ አደሩ ዘንድ ተወዳጅ የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተከሰተ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ክፉኛ ተጠቅቷል። ዝርያ በተለቀቀ ቁጥር በሽታውም መልኩን እየለወጠ ስለሚመጣ፣ ምርምሩ አንድ ጊዜ ተሰርቶ የሚያበቃ አይደለም። በዚህ መስክ ለሚሰማራ ተመራማሪ ሦስተኛ ዲግሪ ከጌጥነት ይልቅ የሥራ መሣሪያ የሚሆነውም ለዚሁ ነው።

በዚያው ወረዳ በገንዘብ፣ በንግድ፣ በገቢዎችና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽህፈት ቤቶች ተመድቦ የሚሰራ ባለሙያ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በቢዝነስ አስተዳደር ተመርቆ፣ ብዙውን ጊዜም በማታና በሳምንቱ መጨረሻ መርሃ ግብር ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ ቀጥሎ ዶክትሬት ይማር እንደሆነ የሚያመነታ ሰራተኛ በየመስሪያ ቤቱ አለ። ጥያቄው አራትና ከዚያ በላይ ዓመታትን፣ የቤተሰብ ገቢንና የመስሪያ ቤትን ወጪ የሚነካ በመሆኑ በቅጡ ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ ሁለቱ ዲግሪዎች የታለሙላቸው ዓላማዎች የተለያዩ መሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል። የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ በሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የተጀመረው ለሥራ አመራር ሰዎችን ለማዘጋጀት ነበር። በመስኩ ዶክትሬት የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ዓላማው የንግድ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ምሁራንን ማፍራት ነው። ለሥራ መሪዎች የተዘጋጀ “የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት” የሚባልም አለ። ይህኛው በራስ መስሪያ ቤት የሚታይን ችግር በጥናት መፍታት ላይ ያተኩራል። ሐርቫርድ ራሱ ለረጅም ጊዜ በዚህ ስም ሲሰጠው የነበረውን ዲግሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ፒኤችዲ መቀየሩ ግን የሁለቱ ድንበር ብዙዎች እንደሚያስቡት የጠራ አለመሆኑን ያሳያል። በመሆኑም አመልካቹ ከዲግሪው ስም ይልቅ የሥርዓተ ትምህርቱን ይዘት ማየቱ ይበጀዋል።

በአገራችን ዘመናዊ የንግድ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1943 ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርትን እ.ኤ.አ. በ1978፣ የዶክትሬት ትምህርትን ደግሞ በ1987 ቢጀምርም፣ የቢዝነስ ዘርፍ የዶክትሬት ዕድል ለረጅም ጊዜ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ሳቢያ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወደ ሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ያቀኑ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሚሌኒየም አካባቢ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ በአቃቂ በከፈተው ማዕከል አማካይነት የተማሩም አሉ። አሰላን በተመለከተ፣ ቀደም ሲል በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበሩትን የከተማዋን ካምፓሶች ይዞ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 መቋቋሙ ከፍተኛ ትምህርትን ለዞኑ ነዋሪ አቅርቦታል።

ለመንግሥት ሰራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ግን የደረጃና የደመወዝ ጉዳይ ነው። በሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ሥርዓት መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ መደቡ እንጂ ለሰራተኛው ማስረጃ ብዛት አይደለም። የመደቡ ተፈላጊ ችሎታ የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ከሆነ፣ በመደቡ ላይ ያለው ሰው ዶክተር ሆኖ ቢመለስም ደረጃው በዚያ ምክንያት ብቻ ከፍ አይልም። በወረዳ ጽህፈት ቤት ሦስተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ መደብ ማግኘት ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይህን ሳያጣሩ ትምህርቱን የጀመሩ ሰራተኞች ሲመለሱ ቅር መሰኘታቸው አይቀርም፤ ቅሬታው ግን መቅረብ የነበረበት ከመመዝገብ በፊት ለራስ ነበር። ከዚህም ሌላ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ለሰራተኞቹና ለአመራሮቹ የሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና፣ ማስረጃ መያዝና ብቃት ማሳየት ተለይተው መታየት እንደጀመሩ የሚያመለክት ነው።

በዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምር መምህር ስሌቱ ሌላ ነው። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም በላይ ለማደግ ዶክትሬት ዋነኛው መንገድ ሲሆን፣ መምህሩ በመንግሥት ወጪ የመማር ዕድልም አለው። በምርምር ተቋማትና በፖሊሲ ጥናት ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎችም ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሥራውን ለቆ ወደ መምህርነት መሻገር የሚሻ የወረዳ ባለሙያ ዶክትሬቱን ለዚሁ ሽግግር ብሎ ቢጀምር ምክንያቱ የጠራ ይሆናል።

ከደመወዙ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእርሱ በላይ የሚከብደው፣ አመልካቹ ሊመልሰው የሚፈልገው ጥያቄ አለው ወይ የሚለው ነው። ለዚህ አርሲ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በአሰላ ብቅል ፋብሪካ ምክንያት የቢራ ገብስ በዞኑ ደጋማ ወረዳዎች ከቆየ የገበያ ሰብልነት አልፎ፣ የቢራ ኩባንያዎች ከአርሶ አደሩ ጋር በውል የሚያስመርቱት ሰብል ሆኗል። ኩባንያው ዘርና ማዳበሪያ ያቀርባል፤ አርሶ አደሩ ምርቱን በተወሰነ ዋጋ ለማስረከብ ይፈርማል። በመኸር ወቅት የገበያ ዋጋ ከውሉ ዋጋ ሲበልጥ ግን ምርቱን ለነጋዴ መሸጥ ይመጣል። የኅብረት ሥራ ጽህፈት ቤት ባለሙያ ይህን ሲያይ “የግንዛቤ ችግር” ብሎ በሪፖርቱ ያሰፍረዋል፤ ቀጣዩ ዕቅድም የግንዛቤ መድረክ ይሆናል።

ተመራማሪው ከዚያ ማለፍ ይጠበቅበታል። ውሉን የሚያፈርሱት ዕዳ ያለባቸው ናቸው ወይስ የተሻለ ኑሮ ያላቸው? ማኅበሩ ጠንካራ በሆነበት ቀበሌ ውል የማክበሩ ልማድ ይለያል? የዋጋ ቀመሩ በገበያው ልክ ከፍና ዝቅ እንዲል ቢደረግስ ምን ይለወጣል? በዝዋይ ሐይቅና በቀጣር ወንዝ ዳርቻ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ከደላላ ጋር ያላቸው ግንኙነትም በዚሁ ዓይን ሊጠና የሚችል ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዓመታትን በመጠይቅ፣ በመረጃ ማጥራትና በስታቲስቲክስ ትንተና ያሳልፋል፤ በአማካሪው ተደጋግሞ ይመለሳል። ችግሩን ማወቅና ችግሩን አጥንቶ ማስረዳት የተለያዩ ክህሎቶች በመሆናቸው፣ የሥራ ልምድ ብቻውን ለዚህ አያበቃም። አንዳንድ የማስተርስ መርሃ ግብሮች በአጭር ፕሮጀክት የሚጠናቀቁ ስለሆነ፣ ሙሉ የመመረቂያ ጥናት ሰርቶ የማያውቅ አመልካች መጀመሪያ አንድ አነስተኛ ጥናት ሰርቶ ራሱን ቢፈትን ኪሳራው ትንሽ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በወረቀት ላይ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚባለው በተግባር ሊረዝም እንደሚችል ይታወቃል። ከኦጎልቾ ወይም ከአሰላ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ሥራንና ትምህርትን ጎን ለጎን ማስኬድ በኮርስ ወቅት ይቻል ይሆናል፤ በጥናቱ ወቅት ግን ይከብዳል። መስሪያ ቤቱ የሚልከው ሰራተኛም ተመልሶ ለማገልገል ውል ስለሚገባ፣ ዕቅዱ ሥራ መልቀቅ ከሆነ ውሉን ከመፈረሙ በፊት አንብቦ መረዳት አለበት። ኃላፊዎችም ሰራተኛ ሲልኩ ሲመለስ የሚመደብበትን ሥራ አብረው ቢያስቡ፣ የወጣው የመንግሥት ገንዘብ ጥቅሙ ይታያል።

ወደ ትምህርቱ ለመግባት የወሰነ አመልካች፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር የተጀመረውን አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በውጭ አገር ተቋም ወይም በኢንተርኔት አማካይነት ለመማር ያሰበ ደግሞ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለተቋሙ ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።