የገና ዱላ ለልጅ ሲመረጥ

ታኅሣሥ ሲገባ በጎንደር ዙሪያ የሚያድጉ ልጆች ዓይናቸው ዛፍ ዛፉን ያያል። ከብት ሲያግዱም ሆነ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ጫፉ የቆለመመ ቅርንጫፍ ካገኙ ቆም ብለው በቁመታቸው ይለኩታል። የከተማዎቹ ደግሞ አያታቸውን ይጨቀጭቃሉ። አያትም ገጠር ላለ ዘመድ ይልካል፤ አለዚያም ከቤቱ ጥግ ለዓመታት ቆሞ የኖረውን የራሱን የወይራ ዱላ አቧራውን ጠርጎ ይሰጣል።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንን የመጨረሻውን ነው። የአያትን ዱላ ለልጅ ልጅ መስጠት ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ለአርባ ዓመት ሰው ክንድ የተመረጠ ዱላ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆናል ወይ? ያደግሁት ዳባት አካባቢ ደጋ ላይ ነው፤ ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ በየዓመቱ ሩር መትቻለሁ። ባልሆነ ዱላ ምክንያት ጥርሱ የረገፈ ልጅም፣ «እኔ አልችልም» ብሎ ጨዋታውን ለሁልጊዜ የተወ ልጅም አይቻለሁ። ሁለተኛው ጉዳት ከመጀመሪያው ይብሳል እላለሁ፤ ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ማንም አያስተውለውም።

የገና ጨዋታ፣ እንደሚባለው፣ እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ከተጫወቱት የመጣ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ሜዳው ይሞላል። ሁለት ወገን ተሆኖ ሩሩን ወደ ተቃራኒው ወገን መድረሻ መንዳት ነው። በሰፈር ጨዋታ የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም። ትልቅና ትንሽ፣ ሀብታምና ድሃ በአንድ ሜዳ ይጋፋል፤ በዚያ ቀን ጌታ ቢመታም አይቆጣም ይባላል። ሕጉ እንዲህ ልል በሆነበት ሜዳ ልጁን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ በእጁ የያዘው ዱላ ነው።

የአዋቂው ዱላ

የጎበዝ ተጫዋች ምርጫ ወይራ ነው። ወይራ እንጨቱ የደደረ፣ ክብደት ያለው፣ በቀላሉ የማይሰነጠቅ ነው። አዋቂ የሚፈልገው ዓይነት ዱላ ጫፉ ጠበብ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ከባድ ሆኖ፣ ቁልማሜው በተፈጥሮ የመጣ ነው። ይህ የመጨረሻው ዋና ነገር ነው። ዛፉ ራሱ አጥፎት ሲያድግ የእንጨቱ ክር ከቁልማሜው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ዱላው በሚመታበት ቦታ ላይ አይገነጠልም። ቀጥ ካለ ግንድ ተጠርቦ የወጣ ቁልማሜ ግን ክሩ ስለተቆረጠ በአንድ ጥሩ ምት ይሰበራል።

ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ አይደለንም። አየርላንዶች የእኛን ገና የሚመስል ሀርሊንግ የሚባል ጥንታዊ ጨዋታ አላቸው። ዱላቸውን የሚያወጡት አሽ ከተባለ ዛፍ ግርጌ፣ ግንዱ ወደ ሥር ከሚታጠፍበት ቦታ ነው። ምክንያታቸውም ያው ነው፤ ክሩ ከቅርጹ ጋር እንዲዞር።

የወይራ ዱላ በአዋቂ እጅ ሩሩን ሩቅ ይሰዳል። በትክክል ሲመታ መዳፍ ላይ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው፤ ሩሩ የት እንደሚሄድ ዓይን ሳያይ እጅ ያውቀዋል። ችግሩ በትክክል ሳይመታ ሲቀር ነው። ጠባቡ ጫፍ ሩሩን በዳር በኩል ካገኘው ዱላው በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ ሩሩም ወደ ጎን ይፈናጠራል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ አንዴ ከተወነጨፈ በኋላ መመለስ ከባድ መሆኑ ነው። አዋቂ ሰው የሌላው እግር ሲገባበት ክንዱን ይሰበስባል። ልጅ ግን የዱላው ክብደት ይዞት ይሄዳል።

ከጎልፍ የምንማረው

ዱላ በእጅ ውስጥ ለምን እንደሚዞር በደንብ ያጠኑት የጎልፍ ዱላ ሠሪዎች ናቸው። ለብዙዎቻችን ጎልፍ በቴሌቪዥን የምናየው የሩቅ ጨዋታ ቢሆንም፣ ጥያቄያቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው።

በድሮው አሠራር የጎልፍ ብረት እንደ ማረሻ በእሳት ግሎ የሚቀጠቀጥ ነበር። ጫፉ ቀጭን፣ ፊቱ ጠባብ፣ ክብደቱ በመሐል የተሰበሰበ ነው። በመሐሉ ሲመቱበት እጅግ ደስ ይላል፤ በዳሩ ሲመቱበት ግን እጅን ይነዝራል፣ ኳሱም ይስታል። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ካርስተን ሶልሃይም የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ፒንግ የተባለውን የጎልፍ መምቻ ሲሠራ ክብደቱን ከመሐል አንሥቶ ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች አከፋፈለው። ኋላም ይህንኑ ሐሳብ በሌሎቹ የጎልፍ ብረቶች ላይ አዋለው። ክብደቱ በዳርና በዳር ሲሆን ምቱ ከመሐል ቢስትም ብረቱ ብዙ አይዞርም። በሚዛን ከሁለት ወገን የተጫነች አህያ በአንድ በኩል ብትነካ ሸክሟ በቀላሉ እንደማይዞር ማለት ነው።

ዛሬ የጎልፍ ሱቅ የገባ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያገኛል፤ ተቀጥቅጦ የተሠራውን ጠባቡን ለጎበዙ፣ ሰፊውንና ስህተት የሚሸከመውን ለጀማሪው። ከታላላቅ ተጫዋቾች እንኳ ስህተት የሚሸከመውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ማንም ግን ስለያዙት ብረት አይንቃቸውም።

ስህተት የሚሸከም የገና ዱላ

ለልጅ የሚሆን ዱላም በዚሁ መንገድ ይታሰባል። ቀለል ያለ እንጨት፣ አጠር ያለ እጀታ፣ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ መምቻ።

እንጨቱ እንደ አገሩ ይለያያል። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ዋንዛና ብሳና አይጠፉም፤ ሁለቱም ቀላል ናቸው፣ በቢላዋም ይታዘዛሉ። ከወይራ ጋር ሲተያዩ ልል ስለሆኑ በእንጨት ሩር ይጎደጉዳሉ፤ ለጨርቅ ወይም ለቆዳ ሩር ግን በቂ ናቸው። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ ቅዝቃዜው ስለሚጠና የዛፉ ዓይነት ይቀንሳል፤ እዚያ የሚቀርበው ባሕር ዛፍ ነው። ቀጭን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በእርጥቡ በትኩስ አመድ ተሙቆ፣ ቀስ ተብሎ ታጥፎ፣ በገመድ ታስሮ ከደረቀ ቅርጹን ይይዛል። ሲቸኩሉበት ግን ይሰነጠቃል።

መምቻው በአንድ በኩል ጠፍጠፍ ተደርጎ ይላግ። ስፋቱ የአዋቂ ሦስት ጣት ያህል ቢሆን ልጁ ሩሩን ለመሳት ይቸገራል። ስለት ያለው ጠርዝ አይተው፤ በመስተዋት ስባሪ ወይም በሸካራ ድንጋይ ይሞረድ። የተሠራው ዱላ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይጣል፤ ፀሐይ ላጩን ቶሎ አድርቆ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ቅቤ ወይም ሞራ ቀብቶ ምድጃ አጠገብ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው፤ መልካምም ነው።

ታላቅ ወንድሜ ምን አሉ?

በዚህ ጉዳይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሳቸው ዛሬም ዳባት ናቸው። ለልጅ ልጃቸው የራሳቸውን ወይራ ሰጥተውት ነበር።

«አያ፣ ልጁ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዱላውን ያነሣዋል እንጂ አይመልሰውም» አልኋቸው።

«እኛስ በምን ተማርን? በወይራ አይደለም? አሁን ያልጠነከረ እጅ መቼ ይጠነክራል?» አሉኝ።

ነገራቸው እውነት አለው። ቀላል ዱላ ብቻ የያዘ ልጅ ስህተቱን ዱላው ስለሚሸፍንለት ምቱን ላያስተካክል ይችላል። ወይራ ደግሞ አይዋሽም፤ የሳተውን ወዲያው በመዳፉ ይነግረዋል። ግን አንድ ነገር ረስተዋል። እኛ ወይራ የያዝነው ከብዙ ዓመት እረኝነት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ በትር ይዘን ስንውል ክንዳችን ሳናውቀው ተሠርቷል። የዛሬው ልጅ ቀኑን በደብተርና በእርሳስ ነው የሚውለው። ዕድሜው ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም እጁ አንድ አይደለም።

በዚያ ዓመት ልጁ ከሰዓት ሳይደርስ ደክሞት ተቀመጠ፤ ከመቀመጡ በፊትም የጓደኛውን ቅልጥም መትቶ ኖሮ ሁለቱም አለቀሱ። በዓመቱ አባቱ ቀላል ዱላ ሠራለት። እስከ ማታ ሲሮጥ ዋለ። ወንድሜ አሁንም ሐሳባቸውን ሙሉ በሙሉ አልለወጡም፤ «አሥራ አራት ሲሞላው ወይራውን ይረከባል» ብለው ከጣሪያው ሥር ሰክተውታል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ልጁ በየቀኑ ያየዋል፤ የሚደርስበትን ያውቃል።

ሲመርጡ ይህን ይፈትሹ

ዱላውን ለልጁ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ።

መጀመሪያ ቁመቱን ይለኩ። ልጁ ቆሞ ዱላው በጎኑ ሲቆም ከዳሌው ብዙ ባይበልጥ ይሻላል። ረጅም ከሆነ ልጁ ወደ ላይ ይወነጭፈዋል፤ ወደ ላይ የሚወነጨፍ ዱላ ፊት ያገኛል።

ሁለተኛ ክብደቱን ይፈትኑ። ልጁ በአንድ እጁ የእጀታውን ጫፍ ይዞ ክንዱን ወደፊት ይዘርጋ፤ እስከ አሥር ይቁጠሩለት። ከአሥር በፊት ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከወረደ ዱላው ከብዶታል።

ሦስተኛውና ዋናው የማቆም ፈተና ነው። ልጁ ሰው በሌለበት ቦታ ዱላውን ሲያወናጭፍ በመሐል «ቁም!» ይበሉት። ካቆመ ዱላው የእሱ ነው። ካላቆመ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የማን ቅርስ ቢሆን፣ ለዘንድሮ አይሆነውም።

ሩሩንም አይርሱ። ከእንጨት የተጠረበ ሩር ለአዋቂዎች ይሁን። ለልጆች ጨርቅ ተጠቅጥቆ በቆዳ ወይም በገመድ የተጠቀለለ ይበቃል። የአየርላንድ ሰዎች በሀርሊንግ ጨዋታ ፊት የሚጋርድ ቆብ ለሁሉም ግዴታ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እኛ ቆቡ ባይኖረን ለስላሳ ሩርና ከጉልበት በላይ ዱላ የማያነሣ ሥርዓት አለን፤ ልጆቹን በዕድሜ ከፋፍሎ ማጫወትም ከእኛ ይጠበቃል።

አደጋ ከደረሰ ይህን ይወቁ። የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳይነኩ ከላይ በኩል ያንሡት፤ ወተት ውስጥ ከትተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ፤ የመመለስ ዕድል አለው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሶ መትከል አይገባም። ዓይን ላይ የተመታ ልጅ ዓይኑ አይታሽ፤ ቅቤም ቅጠልም አይደረግበት። በቀጥታ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ስለ ወይራው አንድ ቃል ልጨምር። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በብዙ ቦታ ዛሬ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አይቆረጥም። በየዓመቱ ለየልጁ አዲስ የወይራ ቁልማሚ መፈለግ የማይሆንበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ቤትዎ ያለውን ወይራ ይንከባከቡት፤ ይቀቡት፤ ተራው ለደረሰው ያቆዩት። ለትንሹ ደግሞ በዚህ ሳምንት ቀላሉን ቅርንጫፍ ይቁረጡለት። እስከ በዓሉ ለመድረቅ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ልጁም አብሮዎት ቢልግ መጫወቱን ከወዲሁ ይጀምራል።