በማግኔት የሚታጠፍ ሙቀት

እንደሚታወቀው በብረታ ብረት ውስጥ ሙቀትን በአብዛኛው የሚያጓጉዙት ነጻ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ኤሌክትሮን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲጓዝ ወደ ጎን ይገፋል፤ አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ያሳየውም ይህንኑ ነበር። ተሸካሚው ሲያዘነብል የተሸከመው ሙቀትም አብሮ ቢያዘነብል አይደንቀንም።

እንደ ሸክላና ብርጭቆ ባሉ ኢ-አስተላላፊ ጠጣሮች ውስጥ ግን ሙቀት የሚያጓጉዝ ነጻ ኤሌክትሮን የለም ማለት ይቻላል። ሙቀት የሚሻገረው አቶሞች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ በሚፈጥሩት ንዝረት ነው። የዚህ ንዝረት ትንሹ እሽግ ፎኖን ይባላል። ፎኖን ሙል የለውም፤ ታዲያ ማግኔት በምኑ ይይዘዋል?

እ.ኤ.አ. በ2005 ስትሮም፣ ሪከንና ዊደር የተባሉ ተመራማሪዎች ቴርቢየም፣ ጋሊየምና ኦክስጅን የሚገኙበትን ጋርኔት የተባለ ክሪስታል ወደ 5 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል አቀዘቀዙ። አንዱን ጫፍ በጥቂቱ አሞቁ፤ ለሙቀቱ ፍሰት ቀጤ ነክ የሆነ ማግኔታዊ መስክም አሳረፉበት። በክሪስታሉ ግራና ቀኝ ጎኖች መካከል ከአንድ ዲግሪ ሺህኛ ያነሰ የሙቀት ልዩነት ታየ። መስኩን ሲገለብጡት ልዩነቱም ተገለበጠ። እኛን ይበልጥ የሚያሳምነን ይህ መገለባበጥ ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ትክክል ፊት ለፊት ባለመቀመጣቸው የመጣ ቢሆን ኖሮ አይገለበጥም ነበርና።

የቴርቢየም አዮን ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በዙሪያው ያሉት አቶሞች ሲነዝሩ አዮኑ ይነካል፤ አዮኑ ደግሞ ለውጭው መስክ ይታዘዛል። ስለዚህ መስኩ ፎኖኑን የሚያገኘው በአዮኑ በኩል ነው ተብሎ ታሰበ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ማግኔታዊ አዮን በሌለው በስትሮንሺየም ታይታኔት ውስጥም ይኸው ክስተት በመታየቱ ማብራሪያው ለሁሉም ክሪስታል እንደማይበቃ ታወቀ።

ነገሩ የጥቂት ስፔሻሊስቶች ጨዋታ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች በሩቴኒየም ክሎራይድ ክሪስታል ውስጥ የሙቀትን መታጠፍ ለክተው፣ ለኳንተም ኮምፒውተር ተስፋ የተጣለባቸውን የማዮራና ቅንጣቶች ምልክት አገኘን አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በዚያው ክሪስታል ላይ ደግመው ከለኩ በኋላ፣ ሙቀቱን ያጠፉት ተራዎቹ ፎኖኖች ናቸው ሲሉ ተከራከሩ።