ከሎሚና ከጨው በፊት

በምዕራብ ሸዋ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከአምቦ ዙሪያ፣ ከጉደርና ከጊንጪ የሚመጡ እናቶች መጀመሪያ ወገቤን፣ ሆዴን ይሉኛል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው «ሲስተር፣ ብልቴ አብጦ መቀመጥ አቃተኝ» የሚሉት። እስከዚያ ድረስ በሎሚ፣ በጨው ወይም በልብስ ሳሙና ሲታጠቡ ሰንብተዋል። ይህ የተቆጣውን ቆዳ ይባስ ያቃጥለዋል። የአምቦ ፍልውሃም ድካም ያወጣል እንጂ ይህን ሕመም አያድንም። መንስኤው ብዙ ነው፤ መድኃኒቱም እንደ መንስኤው ይለያያል።

ማሳከኩ በርትቶ እንደ አይብ ያለ ነጭ ፈሳሽ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላና በእርግዝና ጊዜ ይበረታል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባት ሴት ስኳሯን ትለካ። ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከሸተተ ትሪኮሞናስ የሚባል የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ባል አብሮ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። ውሃ ቋጥረው የሚፈነዱና የሚያቃጥሉ ትንንሽ ቁስሎች ደግሞ ሄርፒስ የሚባለውን ቫይረስ ያስጠረጥራሉ።

እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን የባርቶሊን ዕጢን አስባለሁ። በብልት መግቢያ ግራና ቀኝ ያሉት እነዚህ ሁለት ዕጢዎች ብልትን ያረጥባሉ። የአንዱ ቱቦ ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ጀርም ከገባበትም መግል ይይዛል። ትንሹን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍ ይረዳዋል፤ መግል የያዘውን ግን ባለሙያ ከፍቶ ያፈስሰዋል። ቤት ውስጥ በመርፌም በምላጭም አይነካ። ከ40 ዓመት በኋላ የወጣ አዲስ እብጠት ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

የግርዛት ጠባሳም ከዓመታት በኋላ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን በአንቀጽ 565 እና 566 ያስቀጣል፤ ቀድሞ የተገረዘችው ግን ተጎጂ ናትና ሳትፈራ ትታከም።

የነፍሰ ጡር ሴት ብልት ማበጥ ብቻውን ከማህፀን ክብደት ሊመጣ ይችላል። ከአምስተኛው ወር ወዲህ ፊቷና እጇ አብጦ፣ ራሷን ካመማትና ዓይኗ ከተጭበረበረ ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ። ትኩሳት ያላት ወይም ሽንት የከለከላትም እንዲሁ።

እህቶቼ፣ ብልታችሁን ከውጭ በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጠቡ፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል። ሴት ባለሙያ ትመርምረኝ ብላችሁ ጠይቁ። በቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወዴት እንደምትሄዱ ትነግራችኋለች።