የከርሰ ምድር ግንባታዎችን የውኃ ስርገት የሚገታው ሰው ሠራሽ ሙጫ

ዋሻ፣ ምድር ቤት ወይም ሌላ ከመሬት በታች የተሠራ ግንባታ ውኃ ማስረግ ሲጀምር፣ ውጫዊውን ግድግዳ ቆፍሮ ማግኘት ብዙውን ጊዜ አዳጋች ነው። በመሆኑም ጥገናው ከውስጥ ይከናወናል። ስንጥቁን በሰያፍ በሚያቋርጡ ቀዳዳዎች አማካይነት ሬዚን የተባለው ፈሳሽ ሙጫ በፓምፕ ግፊት እንዲገባ ይደረጋል። ፖሊዩሬቴን የተሰኘው ዓይነት ከውኃ ጋር ሲገናኝ አረፋ ሆኖ በማበጥ ስንጥቁን ይደፍናል፤ እንደ ውኃ የቀጠኑት ደግሞ እጅግ ጠባብ ወደሆኑ ክፍተቶች ዘልቀው ይረጋሉ።

ሙጫው ከመርጋቱ በፊት በውኃ ከታጠበ ግን መዘዙ ከስርገቱ ይከፋል። በደቡብ ስዊድን በሚገኘው የሃላንድሶስ የባቡር ዋሻ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ዋሻው የሚገባውን ከባድ ጎርፍ ለመግታት 1 ሺህ 400 ቶን ገደማ አክሪላማይድ ያለበት ሙጫ ወደ ዓለቱ እንዲገባ ተደርጓል። ሳይረጋ የቀረው ክፍል ነርቭ የሚጎዳውን ኬሚካል ይዞ ከጅረት ተቀላቀለ። ዓሦች ሞቱ፤ ከጅረቱ የጠጡ ላሞች ሽባ ሆኑ፤ በሠራተኞችም ላይ የእጅና የእግር መደንዘዝ ታየ። በዚያው ዓመት የተቋረጠው ግንባታ ከዓመታት በኋላ ቀጥሎ፣ ዋሻው እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ በማያሳልፍ የኮንክሪት ግድግዳ ተሸፍኖ ለባቡር ተከፍቷል።